ከአርማው ሥር

ካሣዬ ምስል ገና ሲጀምር ዓመቱን ይናገራል ይባልለት ነበር፤ ወሬ ብቻም አልነበረም። ጅጅጋ ውስጥ ባለ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ማህደር ክፍል ዐሥራ አምስት ዓመት ተቀምጧል። ሌላው ሰው ስክሪን ሲያይ የሚናገረውን ሰው ፊት ያያል፤ የካሣዬ ዓይን ግን ሰተት ብሎ የሚሄደው ወደ ቀኝ ጥግ፣ የጣቢያው አርማ ወደሚቀመጥበት ነው። አርማው ቢጫ ፊደል ከሆነ ጣቢያው ጥርስ ሳያወጣ የተቀረጸ ነው። ነጭ ግመል ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው፤ ግመሏ ወፍራም ከሆነች ቀደም ያለው፣ ሳስታ ከኋላዋ ያለውን የምታሳይ ከሆነች የመጨረሻዎቹ ዓመታት። ሰማያዊ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ከጥር 2011 ወዲህ። በዚህ ተወራርዶ የተሸነፈበት ቀን የለም፤ ስንት ሻይ እንደጋበዙት የዜና ክፍል ልጆች ይመስክሩ።

እንዲህ ያለ ሰው ካሜራ ፊት ባይቀርብ ይሻለው ነበር። በጥቅምት 2016 ጣቢያው የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ግን አዘጋጆቹ ስለ አርማው ታሪክ ዐሥር ደቂቃ እንዲያወራ ጠየቁት፤ እሱም ለሠርግ ብቻ የሚያስራትን ክራቫት አስሮ መጣ። አወራ፤ አሳምሮ አወራ። መጀመሪያ አርማው ዜና ሲጀመር ብቻ ብቅ ብሎ ይጠፋ ነበር። ከዚያ አንድ ሌላ ጣቢያ የእነሱን የድርቅ ምስል ወስዶ የራሱ አስመስሎ ሲያሳይ፣ የያኔው ኃላፊ "ግመል እንኳ የባለቤቱ ምልክት ይተኮስበታል፤ የኛ ምስል ለምን ባዶውን ይሄዳል?" ብሎ አርማው ቀኑን ሙሉ ከጥጉ እንዳይነቃነቅ አዘዘ። ግመሏ ወፍራም ሳለች የእንግዶችን ፊት እየሸፈነች ሰው ቢያማርር አሳሷት። የሐዘን ቀን ሲታወጅ አርማው ቀለሙን ጥሎ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ሲያበቃ ወደ ካሜራው ጠጋ አለና፣ "አርማ ማለት ሱማድ ማለት ነው፤ ሶማሌ ግመሉ ላይ የሚተኩሳት ምልክት። ባለቤቱንም ዘመኑንም ትናገራለች። ሰው ይዋሻል፤ አርማ አይዋሽም" አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንዲት ነገር ዘሎ ነበር። በ2011 ጣቢያው አርማውን ሲቀይር፣ የድሮው አርማ ከእንግዲህ በስክሪን እንዳይታይ ትእዛዝ ወርዷል። ማህደሩ ደግሞ አርማ የሌለበት ንጹሕ ምስል አልነበረውም። ካሴት ውድ ስለነበረ ንጹሑ ላይ ደጋግመው ይቀርጹበታል፤ የሚቀረው ሲተላለፍ የተቀዳው ነው፤ በዚያ ላይ ግመሏ አብራ ተቀርጻለች። ስለዚህ ካሣዬ በሩን ዘግቶ ሦስት ወር ሙሉ፣ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ሰማያዊውን ሳጥን ለጠፈ። ግመሏን እንዲውጣት ከግመሏ አተለቀው። የድሮዎቹን ካሴቶች ጣል ተብሎ ነበር፤ እጁ አልሄደለትም። ከጄኔሬተሩ ጀርባ ካለው መጋዘን ከምሮ ቆለፈባቸው። ይህን በበዓሉ ቀን አላነሳም። ቤቱን ጠርጎ ጥራጊውን ለእንግዳ የሚያሳይ የለም ብሎ ነው።

ሀምዲያ የመጣችው በኅዳር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ጅጅጋ ገበያ ልብስ የምትሸጥ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ካሣዬ የጅጅጋ ልጅ ነውና በሶማሊኛ ሰላም አላት። እሷ ግን ጉዳይዋን በአማርኛ አሰናድታ መጥታ ነበርና በአማርኛ ቀጠለች፤ ሶማሌ ታላቁን ሰው የሚጠራበትን 'አደር'፣ አጎት ማለት ነው፣ ብቻ አልተወችም።

"አደር ካሣዬ፣ እርስዎን በቴሌቪዥን አይቼዎታለሁ። አርማ አይዋሽም ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ። ተቀመጪ።"

አልተቀመጠችም። ስልኳን አወጣች። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ክልል ስላለችው ስለ ደምበል ከተማ የከብት ገበያ የተላለፈውን ፕሮግራም ሲደገም ጠብቃ ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልኳ ቀርጻዋለች። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀጭን ሰው አረንጓዴ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ግራ እግሩን በጥቂቱ እየጎተተ፣ ሁለት ፍየል በገመድ ይዞ ያልፋል። ፊቱ ከጎን ነው የሚታየው። ወደ ቀኝ ጥግ ይሄዳል፣ ከሰማያዊው ሳጥን ሥር ይገባል፣ እዚያው ምስሉ ይቆረጣል።

"ባሌ ዐብዲከሪም ነው" አለች። "ፎጣውን እኔ ነኝ የገዛሁለት። እግሩን መኪና ነው የመታው። የጠፋው በ2010 ሐምሌ ነው። እዚህ ላይ ግን ግመሏ የለችም፤ ሰማያዊው ነው ያለው። ሰማያዊው ከ2011 ወዲህ ነው አላሉም?"

ካሣዬ ብሏል።

ታሪኳን ነገረችው። ዐብዲከሪም የፍየል ደላላ ነበር። በዚያ ጅጅጋ በሁከትና በቃጠሎ በታመሰችበት ሐምሌ፣ አንድ ጠዋት ደምበል ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ፤ የተሳፈረበት መኪና መንገድ ዳር ባዶውን ተገኘ፤ ሰው ግን አልተገኘም፣ አስከሬንም አልተገኘም። ያን ጊዜ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አራት ዓመት ጠበቀች። ከዚያ የሸሪዓ ዳኛው፣ ቃዲው፣ ባሏን እንደ ሟች ቆጠሩላት፤ ዒዳዋን፣ የመበለት የሐዘን ጊዜዋን፣ ተቀመጠች፤ ቀጥሎም በወጉ መሠረት የባሏ ታናሽ ወንድም ጉሃድ አገባት። ይህን ወግ ዱማል ይሉታል፤ የሟች ሚስትና ልጅ ሜዳ እንዳይበተኑ ወንድሙ የሚያገባበት ነው። ሕዝቡ ለቅሶ ሲደርስ "ኢና ሊላሂ"፣ የአላህ ነን ወደ እሱም ተመላሽ ነን፣ ሲል እሷ ብቻ አላለችም። ሬሳ ሳላይ ይህን ቃል አላወጣም አለች፤ ዒዳዋን ስትጨርስም አላለችም፤ እስከ ዛሬም አላለችም።

አሁን ባሏን በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ ልጇን ይዛ ከጉሃድ ቤት ወጥታ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣለች። ጎረቤት "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እያለ ያማታል። ቃዲው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ ምስሉ መቼ እንደተቀረጸ ጣቢያው በጽሑፍ ይንገረኝ። ዐብዲከሪም ከሐምሌ በኋላ በሕይወት ከነበረ የጉሃድ ጋብቻ ጋብቻ አይደለም።

"ልጅቷ አምስት ዓመት ሊሆናት ነው" አለች። "ያለኝ የመታወቂያ ፎቶው ብቻ ነው። 'አባቴ ይስቅ ነበር?' ትለኛለች። መታወቂያ ላይ የሚስቅ ሰው አለ?"

ካሣዬ የሰማውን ሰምቷል፤ ዓይኑ ግን ልማዱን አልተወም። ስልኩን ተቀብሎ ምስሉን አቆመና ጥጉን አሰፋው። ከሰማያዊው ሳጥን የግራ ጠርዝ ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር ወጥታለች። የግመሏ ጅራት ናት። ትዝ አለው። መብራት እየሄደ እየመጣ ያሰለቸው ሳምንት ነበር፤ ሳጥኑን በትክክል ሳይገጥም አለፈው፤ ማን ያየዋል ብሎ።

እዚያው አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ የመጣው ሁሉ ባልመጣ። ግን የሴትየዋ ዓይን ውስጥ ሰው አለ፤ ሰው የሚያህል ነገር በአንድ ቃል መግደል ድፍረት ይጠይቃል። ካሣዬም በዚያ ጠዋት ድፍረት አልነበረውም።

"ላጣራ" አላት። "ሐሙስ ተመለሺ።"

ነገሩን ለኃላፊው ለዐብዲሰላም ነገረው። ዐብዲሰላም ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግር በሩን ሲያንኳኳ የለሁም የሚል ዓይነት ሰው ነው።

"ፕሮግራሙ 'የዘንድሮ የደምበል ገበያ' ተብሎ ነው የወጣው" አለ። "ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ምስል ከተትንበት ብዬ በደብዳቤ ልመን?"

"ሴትየዋ ባሌ በሕይወት አለ ብላ ከቤቷ ወጥታለች።"

"የተላለፈበትን ቀን ጻፍላት። እሱ ውሸት ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው እሱን ጻፍ፤ ሌላው ይቅር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

ካሣዬ ጻፈ። ሦስት መስመር ሆነ። ፕሮግራሙ የተላለፈበት ቀን፣ ሰዓቱ፣ ከመልካም ሰላምታ ጋር። ማኅተም ተመታበት። አንድም የውሸት ቃል የለበትም፤ የሚያነበው ሁሉ ግን ይሳሳታል። ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ሐሙስን መጠበቅ ያዘ፤ በዚያ ሳምንት በልቶ የጠገበበት ቀን የለም።

ሐሙስ የመጣው ሀምዲያ ሳትሆን ጉሃድ ነው። ባጃጅ የሚነዳ፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት። እሱም አልተቀመጠም።

"አላስቻላትም፣ አደር። ትናንት በሚኒባስ ደምበል ሄዳለች። ከስልኩ ላይ ምስሉን አሳትማ ለገበያተኛው ልታሳይ።"

"ሐሙስ ብያት ነበር እኮ።"

"አምስት ዓመት ለጠበቀ ሰው ሐሙስ ሩቅ ነው" አለ ጉሃድ። ቁጣ የለበትም። "ወንድሜ ካለ ይምጣ። ቤቱም እሷም የሱ ነበሩ፤ አስረክቤው እወጣለሁ፤ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። አልዋሽዎትም፣ እወዳታለሁ። እሱን ግን ከሷ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፤ በትከሻው ተሸክሞ ነው ትምህርት ቤት ያመላለሰኝ። ያቃተኝ በር በተንኳኳ ቁጥር ሦስታችንም እሱ ነው ብለን መነሳታችን ነው። የምታውቁት ነገር ካለ ንገሩን።"

ካሣዬ መሳቢያውን ከፈተ። ወረቀቱን በጣቱ ነካና መልሶ ዘጋው።

"ስትመለስ አብራችሁ ኑ" አለ። "የማሳያችሁ ነገር አለ።"

ዓርብና ቅዳሜ መጋዘን ዋለ። ካሴቶቹ ስድስት መቶ ያህል ናቸው፤ አቧራው የጅጅጋ አቧራ ነው፤ ግማሾቹ ላይ ጽሑፉ በሙቀት ለቋል። እያገላበጠ ስለ እናቱ ያስብ ነበር። በዚያው ሐምሌ የካሣዬም ቤት ተቃጥሏል፤ ሰው ተርፏል፤ ግድግዳ ላይ የነበረችው የእናቱ የወለተሐና ፎቶ ግን አልተረፈችም። ሌላ ፎቶ አልነበራትም። አሁን ሊያስባት ሲሞክር ዓይኗ ይመጣለታል፤ አፏ አይመጣለትም። የሰውን ፊት ሸፍኖ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ያን ሦስት ወር ግን አንድም ቀን ከሳጥኑ ሥር ማን አለ ብሎ አላየም። በራሱ አፈረ፤ እዚያው ካሴት መሐል ተቀምጦ አለቀሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አገኘው። ጀርባው ላይ ዛሬ ጡረታ በወጣው ካሜራማን በሱጉሌ ጠማማ ጽሕፈት "ደምበል ገበያ፣ ሚያዝያ 2010" ይላል። ሐምሌ ሦስት ወር ሲቀረው ማለት ነው። በጣቢያው የቀረችውን አንዲት የካሴት ማጫወቻ አፍዋን በአልኮል ጠርጎ ካሴቱን አስገባባት። አረንጓዴው ፎጣ ብቅ ሲል አቆመው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከሀምዲያ ቀድሞ ማየት አልፈለገም።

ሰኞ ሁለቱም መጡ። ሀምዲያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከስታለች፤ የጫማዋ አቧራ የደምበል ነው። ጉሃድ ከኋላዋ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። ካሣዬ በሩን ዘጋና ያሰበውን መግቢያ ሁሉ ረስቶ እንዲህ አለ፦

"ልጄ፣ ሰማያዊውን አርማ እዚያ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ምስሉ የድሮ ነው። ግመሏ ከሥሩ አለች፤ እኔ ነኝ የሸፈንኳት።"

ሀምዲያ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ወረደ።

"ሱማድ በሱማድ ላይ?"

"አዎ።"

"እኛ ዘንድ በሌላ ሱማድ ላይ የሚተኩስ ሌባ ነው፣ አደር።"

"እኛም ዘንድ ያው ነው" አለ ካሣዬ።

"ያለፈው ሰኞ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

በዚህ ጊዜ ብትጮህበት ይቀለው ነበር። አልጮኸችም። "ደምበል አራት ቀን ዞርኩ" አለች፣ ለእሱ ሳይሆን ለጠረጴዛው የምትነግር ይመስላል። "የጠየቅሁት ሰው ሁሉ አዘነልኝ። አንድ ሽማግሌ አውቀዋለሁ፣ የሚያነክስ ሰው ነው ብሎ ከጠዋት እስከ ቀትር በእግር ወሰደኝ። ቤቱ ደረስን። የሚያነክስ ሰው ወጣ። የሌላ ሴት ባል ነው። ሻይ አጠጣኝ።"

ጉሃድ ወደ ግድግዳው ዞረ። ካሣዬ ይቅርታ አድርጊልኝ አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ትንሽነቱ ታየው።

"መሞቱን አላውቅም" አለ ቀጥሎ። "ስለማላውቀው አልምልልሽም። የማውቀው ይህን ነው፤ ይህ ምስል የተቀረጸው ከመጥፋቱ ሦስት ወር በፊት ነው። ለቃዲው ይህንኑ በስሜ እጽፋለሁ፤ አርማውን የቀየርኩት እኔ መሆኔንም ጨምሬ። አሁን ግን የድሮው ካሴት አለ። በኔ ሳጥን የተሸፈነውን እኔም አላየሁትም። ልክፈተው?"

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ፍየሎቹ መጡ። ፎጣው መጣ። እግሩን በጥቂቱ እየጎተተ፣ ከጎን እየታየ፣ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። ሳሳ ያለችው ነጭ ግመል ጥጉ ላይ ቆማለች። ሰውየው ከሥሯ ገባ፤ አልጠፋም። እንደ ጉም በሳሳው ነጭ ውስጥ ፊቱን ወደ ካሜራው መለሰ። ሱጉሌ ጠርቶት መሆን አለበት፤ ወይ አንድ የገበያ ሰው ቀልዶበት። ገመድ የያዘውን እጁን ወደ ላይ አነሣና ሳቀ። የላይኛው ጥርሱ አንዱ የለም። ሳቁ ፊቱን በሙሉ ይዞታል፤ ግመሏም አልከለከለችውም። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ምስሉ ተቆረጠ።

"ጥርሱ" አለች ሀምዲያ።

መጀመሪያ ያለቀሰው ጉሃድ ነው። እንደ ልጅ፣ በእጁ ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ። እሷ እንዲደገም ጠየቀች። ካሣዬ ደገመው። ደጋግሞ አሳያት፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠረም። በመጨረሻ እጁን አንሥቶ የሚስቅበት ላይ እንዲያቆመው ነገረችው፤ አቆመው።

"ግመሏን ከፊቱ ላይ ማንሳት ይቻላል?"

"አይቻልም። አብራው ነው የተቀረጸችው።"

"ትኑር" አለች። "በሱ ጊዜ የነበረችው እሷ ናት። ለልጅቷ ይቅዱልኝ። ሰማያዊውን ግን አይለጥፉበት።"

ይህን ስትል ዐብዲሰላም በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ከጣቢያው የሚወጣ ምስል ሁሉ አዲሱን አርማ መያዝ አለበት የሚል ደንብ አለ፤ ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። ካሣዬ ሳይዞር፣ "ይሄኛው እንዳለ ይወጣል" አለው። መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተም ያለባትን ወረቀት አወጣና አራት ቦታ ቀዳደዳት። ዐብዲሰላም የሚናገር መስሎ አፉን ከፈተ። ስክሪኑን አየ፣ የሚያለቅሰውን ሰው አየ፣ አፉን ዘጋ።

ሀምዲያ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች። ጀርባዋን አቃናች፤ ሬሳ አላየችም፤ ፊቱን ግን አየች። ከዚያ አምስት ዓመት ጥርሷን ነክሳ የያዘችውን ቃል፣ ድምፅዋ ሳይሰበር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለችው።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።"

ጉሃድ ተከትሎ አለ። ዐብዲሰላምም ከበሩ ላይ አለ። ካሣዬ ቃሉ የሃይማኖቱ ባይሆንም ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ብድግ ብሎ ቆመ፤ "እግዜር ያጥናችሁ" አለ፤ ወንበሩንም ለእሷ ለቀቀላት። ይህን ጊዜ ተቀመጠች። ተቀምጣም አለቀሰች።

ወሬው በኮሪደሩ ሄደ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከዜና ክፍልም ከጥበቃም አንድ አንድ እያሉ ገቡ፤ ወንበር ያገኘ ወንበር ላይ፣ ያላገኘ በካሴት ሳጥኖቹ ላይ ተቀመጠ። ዐብዲከሪም ስክሪኑ ላይ እጁን አንሥቶ እንደሳቀ ቆሟል፤ ሊያጠፋው የደፈረ ሰው አልነበረም።